ጅቡቲን በሻንጣ ነበር የማውቃት

እናቴ ወደ ጅቡቲ ስትሄድ ቀጭን ነበረች። የምትመለሰው ግን ወፍራ ነው።

ልጅ ሆኜ ይሄ ነገር በጣም ይገርመኝ ነበር። ሦስት አራት ቀን ትጠፋለች። ከዚያ ማታ ድሬዳዋ ለገሃር ልንቀበላት እንወጣና ባቡሩ እስኪገባ ጣቢያው በር ላይ ኦቾሎኒ እየቆረጠምን እንጠብቃለን። ከፉርጎው የምትወርደው ሴትዮ ፊቷ የእናቴ ነው፤ ሰውነቷ ግን የሌላ ሰው። ሳቅፋት እጄ አይገጥምም። ምስጢሩ የሚወጣው ቤት ገብታ በሩን ከዘጋች በኋላ ነው። አንድ ዲሪያ፣ ያን ሰፊ ስስ ቀሚስ፣ ታወልቃለች። ከሥሩ ሌላ ዲሪያ አለ። ከሱ ሥር ሌላ። ከዚያ ወገቧ ላይ የተጠመጠመ ጨርቅ፣ ከዚያ የወንድ ሸሚዞች፣ ከዚያ ጉርድ ቀሚስ። እንደ ሽንኩርት ተልጣ ተልጣ መጨረሻ ላይ የኔዋ ቀጭን እናት ላብ በላብ ሆና ብቅ ትላለች። ፊናንስ ሻንጣ ይፈትሻል፣ ማዳበሪያ ይዘረግፋል፤ የለበሰችውን ግን አውልቂ አይላትም።

ያኔ ይሄ አልገባኝም። እኔ የደረስኩበት መደምደሚያ ሌላ ነበር፤ ጅቡቲ ምግብ የተትረፈረፈባት ሀገር ናት፣ የሄደ ሁሉ ይወፍራል።

ማስረጃም ነበረኝ። ኒዶ ወተት የሚመጣው ከዚያ ነው። ቪምቶ፣ ብስኩት፣ ሰርዲን፣ ሽቶ፣ ብርድ ልብስ፣ ቴፕ፣ ሁሉም ከዚያ ነው። ሰፈር ውስጥ "የጅቡቲ ነው" ከተባለ ክርክር አልቋል፣ የቀረው ዋጋው ብቻ ነው። ታይዋን ገበያ የተራመደ የድሬ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ጅቡቲ ለኔ ሀገር አልነበረችም። ሐዲዱ ጫፍ ላይ የተከፈተች ትልቅ ሱቅ ነበረች።

አሁን ሰው ስለ ባሕር በር ሲከራከር ስሰማ ያቺኑ ሱቅ ነው የምሰማው። አንዱ ወደቡ ውድ ነው ይላል። ሌላው አማራጭ ይፈለግ ይላል። ሌላው ካርታ ላይ ጣቱን አድርጎ በቁጭት ራሱን ይነቀንቃል። ወደቡ፣ ወደቡ፣ ወደቡ። ከክሬኑ ጀርባ ልብስ የሚያሰጣ ሰው ያለ አይመስልም። በነሱ ልፈርድ አልችልም፤ እኔው ራሴ ድሬ ተወልጄ ድሬ አድጌ፣ እናቴ እንደ ጎረቤት ቤት የተመላለሰችበትን ሀገር አርባ ዓመት አልፎኝ ነው ያየሁት። አምና።

የሄድኩት አክስቴን ልጠይቅ ነው። የእናቴ ታናሽ ናት፣ እዚያ ካገባች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗታል። ከመሄዴ በፊት ደወለች። "ምን ላምጣልሽ?" ስላት ለረጅም ጊዜ ያሰበችበት ዝርዝር ይመስል አንድ ትንፋሽ ላይ ጨረሰችው፦ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሎሚ፣ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቡና፣ ከተቻለ የሐረር ማንጎ፣ ካልተቻለም ድንች።

"ድንች?"

"ድንች፤ ምን ታስቃለህ?"

እንግዲህ ሻንጣዬን ድንችና ሎሚ ሞልቼ፣ ኒዶ ወደሚመጣበት ሀገር ሄድኩ።

ስለ ሐዲዱ ትንሽ ልበል፣ ያለ እሱ ይሄ ወሬ አይሄድም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትጣሉኝ።) ፈረንሳዮች መጀመሪያ እግራቸውን የተከሉት ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ ኦቦክ ላይ ነበር፤ በ1862 ከአካባቢው የአፋር ሹማምንት ጋር ውል ተፈራርመው። በኋላ ግን ወደ ሐረር ለሚወጣው የግመል ንግድ የሚመቸው የደቡቡ ዳርቻ መሆኑን አዩና እዚያ ጅቡቲን ቆረቆሩ። ሐዲዱ በ1897 ከዚያ ተነሣ። ሐሳቡ ሐረር መግባት ነበር። ሆኖም ተራራውን መውጣት ብዙ ገንዘብ የሚበላ ሆነ፤ ሜዳውን ይዞ በ1902 መጨረሻ ደቻቱ ወንዝ ዳር ደረሰና ገንዘብ አልቆበት ለዓመታት ቆመ። የቆመበት ቦታ ድሬዳዋ ሆነ። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው።

በሌላ አነጋገር ጅቡቲ የተቆረቆረችው ሐረር ለመድረስ ተብሎ ነው፣ ድሬዳዋ ደግሞ ሐረር መድረስ ስላልተቻለ። ሁለት ከተሞች፣ አንድ ሰበብ። የሐረር ሰው ይሄን ሲሰማ ፈገግ ይላል፤ ይበልለት።

አሮጌው ባቡር ዛሬ ጅቡቲ ድረስ አይሄድም። አዲሱ፣ ቻይናዎቹ የሠሩት የኤሌክትሪክ ባቡር፣ በ2016 መጨረሻ ኢትዮጵያ ውስጥ በ2017 መጀመሪያ ጅቡቲ ውስጥ ተመረቀ። ጣቢያው ከከተማ ውጭ ነው፤ ከከዚራ በባጃጅ የምትሄደው ነገር አይደለም። ኦቾሎኒ የምትሸጥ ልጅም አላየሁም። መቀመጫው ግን ይመቻል፣ እውነቱን ለመናገር።

ሽንሌን ካለፍን በኋላ መሬቱ ቀስ በቀስ እየተራቆተ ሄደ። መጀመሪያ ግራር አለ፣ ከዚያ ቁጥቋጦ፣ ከዚያ ድንጋይ፣ ከዚያ ጥቁር ድንጋይ። አዲጋላ አካባቢ አጠገቤ የተቀመጠው ሽማግሌ በመስኮቱ ጠቆመኝ። "ውሃቸው እዚህ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው። ከዚህ ቆላ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች የሚወጣ ውሃ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በቧንቧ ተጉዞ ጅቡቲ ይገባል፤ ከ2017 ጀምሮ። መብራቱም እንዲሁ ነው። ከድሬዳዋ በኩል በ2011 የተዘረጋው ከፍተኛ መስመር ነው ብዙውን ኤሌክትሪካቸውን የሚያደርስላቸው። እኛ ራሳችን ጄሪካን ደርድረን የምንጠብቅበት ቀን አለና ሽማግሌው ይሄን ሲነግረኝ በድምፁ ቅሬታ ብጤ ነበረ። ቀጥሎ ግን "ምን ያድርጉ፣ የነሱ ውሃ ጨው ነው" አለና ዝም አለ።

ደወሌ ላይ ፓስፖርት ተመታ። ከዚያ አሊ ሳቢህ፣ ሆልሆል፣ ከዚያ ነጋድ። በሩ ሲከፈት አየሩ ፊቴን በጥፊ መታኝ። እኔ እኮ የድሬ ልጅ ነኝ! ሙቀት የኛ ነው ብዬ ነበር የማስበው። የድሬ ሙቀት ደረቅ ነው፣ ጥላ ስር ከገባህ ይተውሃል። የጅቡቲው ከባሕር እርጥበት ጋር ተጋብቶ ጥላ ውስጥም ይከተልሃል። ክረምት ላይ ደግሞ ሐምሲን የሚሉት የበረሃ ነፋስ አለ፤ አክስቴ ስለሱ ስትናገር ስለ ክፉ ጎረቤት የምታወራ ነው የሚመስለው።

ሀገሪቱ 23,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ናት። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ47 ጊዜ በላይ ትገባለች። የሕዝቧ ቁጥር አንድ ሚሊዮን አካባቢ ነው፣ አብዛኛው ደግሞ አንዲቱ ከተማ ውስጥ ነው የተከማቸው። ዋና ከተማዋ ላይ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ ወደ 150 ሚሊሜትር ነው። ደረቅ ናት እያልን የምናማት ድሬ የዚያን ሦስት አራት እጥፍ ታገኛለች። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም። የሚታረስ መሬት ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። ሰሜን ላይ ጎዳ ተራሮች አሉ፣ እዚያ ዳይ የሚባል የጥድ ደን አለ፣ ከዚያ ውጭ አረንጓዴ ካየህ ሰው በባልዲ ያጠጣው ነው።

ይሄን ሁሉ የማወራው አክስቴ ጓዳ ውስጥ ስለተፈጠረው ነገር ነው። ሻንጣውን ስትከፍት አጠገቧ የነበረችው ጎረቤቷ ሎሚውን አንሥታ አሸተተች። በቃ፣ አሸተተች። ከዚያ ለአክስቴ በሶማልኛ አንድ ነገር አለቻት፣ ሳቁ። አክስቴ አምስቱን ሎሚ ቆጥራ ሰጠቻት። ቃሪያውን በጋዜጣ ጠቅልላ ፍሪጅ ውስጥ ከታችኛው መሳቢያ አስቀመጠችው፣ ልጆቹ እንዳይነኩት አስጠነቀቀች። እኔ ቆሜ አያለሁ። የምታወፍረዋ ሀገር ይቺ ነበረች።

የምትኖረው ባልባላ ነው። ባልባላ እንዴት እንደተፈጠረ ባለቤቷ ነው የነገሩኝ። በነሐሴ 1966 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ደጎል ሲመጡ ሕዝቡ ነፃነት ይሰጠን ብሎ ወጣ፣ ረብሻ ሆነ። ከዚያ በኋላ ፈረንሳዮች ከተማዋን በእሾህ ሽቦ አጠሯት። ከገጠር የሚመጣ፣ ከሶማሌና ከኢትዮጵያ የሚመጣ፣ ወረቀት የሌለው እንዳይገባ። የተከለከለው ሰው ተመልሶ አልሄደም፤ ከሽቦው ማዶ በቆርቆሮና በጣውላ ቤት ቀለሰ። ያ ነው ባልባላ። ዛሬ ሽቦው የለም፣ ባልባላ ግን ከድሮዋ ከተማ በልጣ ተዘርግታለች። ጋሼ ድሮ ወደብ ላይ ጫኝና አውራጅ ነበሩ። "ሽቦው ሲነሣ ግማሹን ለዶሮ ቤት ወሰድነው" አሉኝ። ቀልዳቸው ይሁን እውነታቸው አላወቅኩም፣ የሚስቁት በዓይናቸው ብቻ ነው።

ሕዝቡ በዋናነት ሶማሌና አፋር ነው። ሶማሌው ውስጥ ኢሳው ይበዛል፤ ኢሳ ማለት ደግሞ ከሽንሌ፣ ከድሬ ሰው ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ድንበሩ በቤት መሃል ነው ያለፈው። የጋራ ሕጋቸው ሄር ኢሴ ሳይጻፍ ከአፍ ወደ አፍ የመጣ ነው። በ2024 ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲና ሶማሊያ በጋራ አቅርበውት ዩኔስኮ መዝግቦታል። ሦስት መንግሥታት በአንድ ወረቀት ላይ ሲፈርሙ በዚህ ሰፈር ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ለአንድ ያልተጻፈ ሕግ ሲሉ ፈረሙ። አፋሩም እንዲሁ ሦስት ሀገር ላይ ነው ያለው፤ እዚህ፣ እኛ ጋ እና ኤርትራ። የመናዊም አለ፣ ዓሣውን ለሁለት ሰንጥቆ እቶን ውስጥ የሚጠብሰው እሱ ነው፣ እጅ ያስቆረጥማል።

ቋንቋው ደግሞ ያዞራል። መንግሥቱ ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ነው የሚለው። የአክስቴ የመጨረሻ ልጅ ትምህርት ቤት በፈረንሳይኛ ይማራል፣ ቁርዓን በዓረብኛ ይቀራል፣ ውጭ ከልጆች ጋር በሶማልኛ ይጣላል፣ እናቱ ስትቆጣው በአማርኛ ነው። "ለምን በአማርኛ ትቆጪዋለሽ?" አልኳት። "ሌላው አይሰማውም" አለችኝ።

መሃል ከተማ አንድ አደባባይ አለ። በወረቀት ስሙ የነፃነታቸው ቀን ነው፣ ጁን 27። ሰው የሚጠራው ግን ፕላስ ሚኒሊክ እያለ ነው። ታክሲ ውስጥ ገብቼ "ሚኒሊክ" ስለው ሹፌሩ ዞር ብሎ አየኝና "ዋላል (ወንድሜ)፣ ከድሬ ነህ?" አለኝ። ነገሩ ከፊቴ ላይ ነበር መሰለኝ። እሱም ልጅ ሆኖ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ዘመድ ጋር ክረምቱን ያሳልፍ ነበር። ሙሸበክ፣ ያ ጣፋጫችን፣ አሁንም አለ ወይ አለኝ። አለ አልኩት። ሂሳብ አልቀበልም ብሎ አስቸገረኝ፤ በግድ ሰጠሁት።

ሳንቲሙን መልስ አድርጎ ሲሰጠኝ ግን ልቤ ደነገጠ። ግመል ያለበት ሳንቲም! እናቴ ብርጭቆ ውስጥ ታጠራቅመው የነበረ፣ እኔ ሰርቄ ብይ ስጫወት በምትክ የማስቀምጠው። ያው ነው፣ አልተለወጠም። ዋጋውም አልተለወጠም። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1949 ጀምሮ ከዶላር ጋር ታስሮ ነው ያለው፣ ከ1973 ወዲህ አንድ ዶላር 177.721 ፍራንክ ነው፣ አልወጣም፣ አልወረደም። ግማሽ ምዕተ ዓመት! እናቴ ፊደል የቆጠረችው በማታ ትምህርት ነው፣ ይቺን 177 ግን እንደ ልጇ ልደት ነው የምታውቃት። እኛ ሀገር ብሩ የት እንደደረሰ የምታውቁት ነው፣ ደሜን አላፈላም።

እንግዲህ ይቺ ዝናብ የሌላት፣ እርሻ የሌላት ሀገር ፍራንኳን እንዴት አድርጋ ቀጥ አድርጋ ያዘች?

በቦታዋ ነው። እኛ ሀገር "ኪራይ ሰብሳቢ" ማለት ስድብ ነው፣ ስብሰባ ላይ የሚወራወሩት። ጅቡቲ ግን ቃል በቃል ኪራይ ትሰበስባለች፣ ምንም አታፍርበትም፣ ምን ሌላ አላት? ባብ ኤል መንደብ ላይ ተቀምጣለች፤ ከስዊዝ የሚመጣ፣ ወደ ስዊዝ የሚሄድ መርከብ በደጇ ያልፋል። ፈረንሳይ ከጥንት ጀምሮ ጦሯ እዚያው ነው። አሜሪካ ከ2001ዱ ጥቃት በኋላ ገባች፤ በ2014 በተፈረመው ውል የካምፕ ሌሞኒየ ኪራይ በዓመት ወደ 63 ሚሊዮን ዶላር ነው። ጃፓን በ2011፣ ጣሊያን በ2013፣ ቻይና በ2017 ተከትለው መጡ። ቻይና ከሀገሯ ውጭ የመጀመሪያ ጦር ሰፈሯን የከፈተችው እዚህ ነው። አሜሪካና ቻይና በአንድ ግቢ ሁለት ክፍል እንደተከራዩ ደባሎች በየፊናቸው ልብስ ያሰጣሉ፣ በመስኮት ይተያያሉ። አከራይዋ የሁለቱንም ቤት ኪራይ በወሩ መጨረሻ ትቀበላለች።

ትልቁ ተከራይ ግን ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። እኛ ነን። ከ1998ቱ ከኤርትራ ጋር ጦርነት በፊት አሰብን እንጠቀም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ወደ ጅቡቲ ዞረ። ከውጭ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በዚያ በር ነው የሚገባና የሚወጣው። ማዳበሪያው፣ ነዳጁ፣ ስንዴው፣ መኪናው። ለዚህ ነው ዶራሌ ላይ ወደብ በወደብ ላይ የሚጨመረው። አንደኛውን የኮንቴይነር ተርሚናል ለዱባዩ ዲፒ ወርልድ በ2006 ሰጥተው በ2018 ውሉን ቀደው ወሰዱት፣ ክርክሩ ለንደን ድረስ ሄዷል። ጋሼ ስለዚህ ሲያወሩ "ቤትህን ተከራይቶ ቁልፉን ከቀየረብህ ምን ታደርጋለህ?" ይላሉ። ተከራዩ ደግሞ ሌላ ነው የሚለው፣ ያው እንደ ሁሉም የቤት ኪራይ ክርክር።

ፒኬ 12 የሚሉት የመኪና ማቆሚያ ላይ የኛን ከባድ መኪናዎች አየኋቸው። ተሳቢ ከተሳቢ ጋር ተነካክቶ እስከ ዓይን ጫፍ። ከመኪናው ሥር ጥላ ላይ ምንጣፍ አንጥፎ ሽሮ የሚያንተከትክ ሾፌር አገኘሁ፣ የአዳማ ልጅ ነው። ብላ አለኝ፣ በላሁ። "ይሄን ሀገር ስንት ዓመት ተመላለስክ?" ብዬ ብጠይቀው "አሥራ አንድ" አለ። "ከተማውን ታውቀዋለህ?" ሳቀ። "ከወደብ እስከዚህ ነው የማውቀው። ባሕሩን ራሱ ከክሬኑ መሃል ነው ያየሁት።" እሱም እንደኔ ነው። ሱቁን ነው የሚያውቀው።

ስለ ጫቱ ሳልናገር ባልፍ የድሬ ሰው አይደለሁም። ማታ አወዳይ የተቆረጠው ጫት በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ጅቡቲ ውስጥ ነው። ስድስት ሰዓት አካባቢ ጋሼ ሰዓታቸውን ማየት ይጀምራሉ። መንገዱም ያያል። ቆጣሪ ያለ ይመስል ከተማው ትንፋሹን ይውጣል። ከዚያ መኪኖቹ ጥሩምባ እየነፉ ይገባሉ፣ ሴቶቹ በየጠረጴዛቸው ላይ እርጥብ ጆንያ ገልጠው ይዘረጋሉ፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ መንገዱ ባዶ ነው። ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ መሥሪያ ቤት የሚሄድ እንግዳ ብቻ ነው። በርጫው ላይ ጋሼ እግራቸውን ዘርግተው አንዲቱን እንጨት እያዩ "ይቺ ጠዋት ድሬን ሰላም ብላ መጣች" አሉ። ቤተሰቡ በወር ለጫት የሚያወጣውን አክስቴ በጣቷ ቆጥራ ነገረችኝ። ቁጥሩን አልጽፈውም፣ የሰው ቤት ገመና ነው፤ ከቤት ኪራይ ይበልጣል ልበልና ልለፈው።

እዚህ ላይ ነው የኪራይ ኑሮ ሸክሙ የሚታየኝ። ወደብ ዛሬ ብዙ ሰው አይቀጥርም። ጋሼ ጎረምሳ ሳሉ አንድ መርከብ ለማራገፍ መቶ ሰው ይሰለፋል፤ አሁን አንድ ልጅ ክሬን ላይ ተቀምጦ ይጨርሰዋል። ገንዘቡ ወደ ሀገሪቱ ይገባል፣ ባልባላ ግን ሲደርስ አላየሁም። የአክስቴ ትልቁ ልጅ ሎጂስቲክስ ተምሮ ተመርቋል፣ ሦስት ዓመት ሆነው። ማታ ማታ ስልኩን ይዞ ጣራ ላይ ይወጣል። ከጣራው ላይ የወደቡ መብራት ይታያል። ያምራል፣ በእውነት። "የምን መብራት ነው ይሄ ሁሉ?" ስለው "ያንተ ሀገር ዕቃ ነው" አለኝ።

ስለ መንግሥቱ ስጠይቅ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ይሄን እኛም እናውቀዋለን፣ አልገረመኝም። ነፃነት የመጣው ጁን 27 ቀን 1977 ነው፤ በአፍሪካ ዘግይተው ነፃ ከወጡት ውስጥ ናት። ከዚያ ወዲህ ፕሬዚዳንት የሆኑት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። መጀመሪያ ሐሰን ጉሌድ አፕቲዶን፣ ከ1999 ጀምሮ ደግሞ ኢስማኤል ኡመር ጌሌ። ጌሌ በ1947 የተወለዱት እዚሁ ድሬዳዋ ነው፣ አማርኛም ይናገራሉ፤ ስለዚህ ድሬ ውስጥ ስማቸው ሲነሣ እንደ ሰፈር ልጅ ነው የሚወራው። በ2010 ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ የሥልጣን ዘመን ገደቡ ተነሣ፣ በምትኩ 75 ዓመት የሚል የዕድሜ ጣሪያ ገባ። በ2021 ከ97 በመቶ በላይ ድምፅ አገኙ፤ ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች አልተሳተፉም። በ2025 ደግሞ ፓርላማው የዕድሜ ጣሪያውንም አነሣው። 65 መቀመጫ ያለው ፓርላማ ነው፣ አብዛኛውን ገዢው ጥምረት ተቀምጦበታል። የግል ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ፈልጌ አላገኘሁም፤ የሚነበበው የመንግሥት ነው።

ግን ፍርድ ከመስጠቴ በፊት ጋሼ ያሉኝን ልጻፍ። ፕሬዚዳንቱ ኢሳ ሲሆን ጠቅላይ ሚኒስትሩ አፋር ይሆናል፤ ይሄ የተለመደ ነው። የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር አሕመድ ዲኒ ግን በነፃነቱ ዓመት ውስጥ፣ ጥቂት ወራት ቆይተው ለቀቁ። በ1991 የአፋር ታጣቂዎች ተነሡና ጦርነት ሆነ። ከፊሉ በ1994 ታረቀ፣ ዲኒ የመሩት ክንፍ ደግሞ በ2001። "እዚህ ያለው ሰላም የታሠረ ሰላም ነው፣ ግን ሰላም ነው" አሉኝ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ዙሪያውን አሳዩኝ፤ በዚህ ሶማሊያ፣ በዚያ የመን፣ በዚያ ኤርትራ፣ በዚህ ደግሞ... እኔን አዩኝና ጨረሱት። ምን እላለሁ? ሻይዬን ጠጣሁ። አባባላቸው አላሳመነኝም፣ እስከ ዛሬም አላሳመነኝም፤ ሆኖም ከኛ ሀገር የሄደ ሰው ለሳቸው የሚመልሰው መልስ በኪሱ የለም።

ከመመለሴ በፊት የነበረው ቀን ዓርብ ነው፣ እዚያ ሰንበት ነው። የአክስቴ ልጅ ጓደኛ መኪና አገኘና አሰል ሐይቅ ሄድን። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር፣ የአፍሪካ የመጨረሻ ዝቅተኛ ቦታ። ጎዳናው ላይ ግማሽ መንገድ ድረስ የኛ ሀገር ታርጋ ነው። ከዚያ ቀኝ ታጥፈህ ትወርዳለህ፣ ትወርዳለህ፣ ጆሮህ ይደፈናል። ግራና ቀኙ የቀዘቀዘ እሳተ ገሞራ ነው፤ አርዱኮባ የሚባለው በ1978 ፈንድቶ ነበር። እነሱ እንደሚሉት ሀገሪቱ ነፃ በወጣች በዓመቱ እንግዳ የጠየቃት እሱ ነው። ከታች ሰማያዊ ውሃ፣ ዳሩ በረዶ የመሰለ ጨው። ከባሕር ውሃ አሥር እጥፍ ያህል ጨዋማ ነው። አፋሮቹ ከዚህ ጨው ጭነው ወደ ደጋው ይወጡ የነበሩት ባቡርም ወደብም ሳይታሰብ ነው። አንድ ልጅ መጥቶ እንደ ብይ ክብ ክብ የሆነ የጨው ፍሬ በላስቲክ ይዞ ሸጠልኝ። ውሃው ራሱ እያንከባለለ ነው ክብ የሚያደርገው አለኝ። ሳልከራከር ገዛሁት።

በነጋታው ተመለስኩ። ሻንጣዬ ባዶ ነው። አክስቴ ዕቃ ልግዛልህ ብላ አስቸግራ ነበር፣ ዋጋውን አይቼ እምቢ አልኩ፤ አሁን ታይዋን ርካሽ ነው። ኬላ ላይ አንዲት ልጅ እግር ፈታሽ ሻንጣውን ከፈተች። አንድ ሸሚዝ፣ አንድ ሽርጥ፣ አንድ ላስቲክ ጨው። ገጽታዋ ተለወጠ። ዚፑን በሙሉ ከፈተች፣ የሻንጣውን ገበር በጣቷ ነካካች፣ ከዚያ እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝ፣ ወፍሬ እንደሆነ የምትመረምር ነው የሚመስለው።

"ሌላው ዕቃ የት አለ?"

"ሌላ የለም።"

"ከጅቡቲ?"

"ከጅቡቲ።"

ድሬ ስደርስ መሽቷል። እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ፣ እግሯን ስለሚያማት ለገሃር የመምጣት ነገር ድሮ ቀርቷል። ሻንጣውን እሷው ከፈተችው፣ ልማድ ነው። ላስቲኩን አውጥታ ብርሃኑ ላይ አየችው፣ አንዷን ፍሬ አፏ ውስጥ ከተተች።

"ለጨው ብለህ ነው ጅቡቲ ድረስ የሄድከው? የአፍዴራ እኮ ሱቅ አለ።"

ፍሬዋን ግን አልተፋቻትም። ጉንጯ ውስጥ እያንከባለለች ስለ እህቷ ትጠይቀኝ ጀመር። ድንቹ ደረሰ ወይ አለችኝ።